ስለ ብርቱ ውፍረትና ስለ ኑሮ ጥራት፤ በጅማና በአካባቢዋ የቡና ከተሞች አኳያ

በአገራችን ሁለት ሰዎች ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲገናኙ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚነገረው ነገር ብዙውን ጊዜ ስለ ሰውነት ነው። የወፈረውን «ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል» ይሉታል፤ የከሳውን ግን «ምነው፣ ምን ሆንህ?» ብለው ይጠይቁታል። በዚህ ሰላምታ ውስጥ ያለው አሳብ ግልጽ ነው፤ ይኸውም መወፈር የጥጋብና የሰላም ምልክት፣ መክሳት ደግሞ የችግርና የበሽታ ምልክት ነው ማለት ነው። አያሌ የረኃብ ዘመናት ባለፉበት አገር እንዲህ ያለ አስተያየት መኖሩ አያስደንቅም። ነገር ግን ውፍረቱ ከመጠን አልፎ ሰውዬው ዳገት መውጣት፣ ቁጢጥ ማለት፣ ተኝቶ ማረፍ ሲያቅተው «ተመችቶሃል» የሚለው ቃል እውነት መሆኑ ይቀራል። ሰላምታው ግን እንዳለ ይቀጥላል።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ ብርቱ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች የኑሮ ጥራት ከምን ከምን ነገር ጋር እንደሚያያዝ ነው። ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው ከጅማና በዙሪያዋ ካሉት የቡና ከተሞች፣ ማለት ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነትና ከየቡ ሕይወት ነው። የጽሑፉ ዋና አሳብ አንድ ነው፤ የአንድ ወፍራም ሰው ኑሮ ምን ያህል እንደ ከፋ ወይም እንደ ተሻለ ሚዛን ብቻውን ሊነግረን አይችልም፤ ስለዚህም ኪሎው እስኪቀንስ ሳንጠብቅ ኑሮውን ማሻሻል እንችላለን የሚል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ብርቱ ውፍረት ማለት ምን ማለት ነው?

አስቀድመን ቃሉን መወሰን ይገባናል። በየዕለቱ ንግግራችን «ወፍራም» የምንለው ሰው ሁሉ በሐኪም ዘንድ ሕመምተኛ አይባልም። የቤልጅግ ሰው የነበረው የሒሳብና የከዋክብት ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ የብዙ ሰዎችን ክብደትና ቁመት ካመዛዘነ በኋላ፣ የጐልማሶች ክብደት ከቁመታቸው ካሬ ጋር ተመጣጥኖ እንደሚሄድ በ1832 ገለጠ። አሜሪካዊው የሥነ ምግብ ሊቅ አንሴል ኪስና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1972 ይህን ስሌት ለውፍረት መለኪያነት መርጠው ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ሰጡት። አሠራሩ ቀላል ነው። የሰውየውን ክብደት በኪሎ ይዞ፣ በሜትር በተለካው ቁመቱ ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። የሚገኘው ቁጥር ከ18.5 በታች ከሆነ ሰውየው ከስቷል ይባላል፤ ከ18.5 እስከ 25 ድረስ ያለው ደኅና ነው፤ 25ና ከዚያ በላይ የክብደት መብዛት፣ 30ና ከዚያ በላይ ውፍረት፣ 40ና ከዚያ በላይ ብርቱ ውፍረት ይባላል። ከ35 በላይ ሆኖ የስኳር በሽታን፣ የደም ግፊትን ወይም እነዚህን የመሰለ ሌላ ሕመም ያስከተለ ውፍረትም በብዙ ሐኪሞች ዘንድ ከብርቱው ጋር ይቈጠራል።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ አንዲት ሴት በአሳባችን እንሣል። ከጅማ በስተ ሰሜን ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአጋሮ ከተማ የሚኖሩ፣ አምሳ ዓመት የሞላቸው፣ እሸት ቡናና ጀንፈል ከገበሬ እየገዙ ለትልልቅ ነጋዴዎች የሚያቀርቡ አንዲት ወይዘሮ አሉ እንበል። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ60፣ ክብደታቸው 105 ኪሎ ነው። 105 ለ1.60 ሲካፈል 65.6 ይሆናል፤ ይህም እንደገና ለ1.60 ሲካፈል 41 ይደርሳል። እንግዲህ ወይዘሮዋ ከብርቱ ውፍረት ክፍል ይገባሉ። በቡና ነጋዴ ቋንቋ ብንናገር፣ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለ ሆነ፣ ክብደታቸው ከስድስት ፈረሱላ ጥቂት ያልፋል። እኚህን ወይዘሮ በጽሑፋችን ውስጥ እንደገና እናገኛቸዋለን።

ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ጉድለት አለበት። ስብንና ጡንቻን አይለይም፤ ስቡ በሆድ ላይ ይሁን በዳሌ ላይ አይናገርም። በተለይ እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ሆላንዳዊው ተመራማሪ ዶይረንበርግና ባልደረቦቹ ልዩ ልዩ ሕዝቦችን አስተያይተው በ1998 እንዳሳተሙት፣ በሰውነታቸው ውስጥ ያለው የስብ መጠን ከአውሮፓውያን ጋር እኩል የሆነ ኢትዮጵያውያን፣ የመለኪያ ቁጥራቸው 4.6 ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ በአውሮፓ ልክ የተቈረጠው ወሰን ለእኛ ልክ ላይሆን ይችላል፤ በቁጥሩ «ገና ነው» የተባለ ኢትዮጵያዊ በስቡ መጠን ግን ደርሶ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ጫፍ ባንድ አገር

በ2022 በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጥ ሰው በውፍረት ክፍል ውስጥ እንደ ነበረ የዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች ማኅበር በ2024 አስታውቋል። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የሕዝብና የጤና ጥናት በ2000 ሲደረግ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነው ሴቶች መካከል ከመቶ 30 የከሱ፣ ከመቶ 3 ክብደታቸው የበዛ ሆነው ተገኙ። በ2016 በተደረገው ጥናት የከሱት ወደ 22 ሲወርዱ፣ ክብደታቸው የበዛው ወደ 8 ከፍ አሉ። ይህም ጭማሪ ይበልጥ የሚታየው በከተሞች ነው። ከእነዚህም መካከል የብርቱ ውፍረት ባለቤቶች ጥቂቶች ናቸው። ዳሩ ግን ጥቂት መሆናቸው ራሱ አንዱ ችግራቸው ነው። ብዙ ሰው የከሳበት አገር የጤና ሥራውን የሚያቅደው ለከሱት ነው፤ የሚገዛው ሚዛንም፣ የሚሰጠው ምክርም፣ የሚለጠፈው ሥዕልም ለእነርሱ የተዘጋጀ ነው። ብርቱ ውፍረት ያለበት ሰው በዚያ መካከል ሲገኝ ታሞ የመጣ ሳይሆን ጠግቦ የመጣ ይመስላል።

ጅማ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። በ1952 የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤትና በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1999 ተዋሕደው የጅማ ዩኒቨርሲቲን ካስገኙ ወዲህ፣ በከተማዋ ስለ ሰውነት አቋም ብዙ ምርምር ተደርጓል። ከ2008 ጀምሮ በጅማ የተወለዱ ሕፃናትን፣ ሕፃኑ በተኛበት ሣጥን ውስጥ የሚገፋውን አየር በመለካት የስባቸውንና የሌላውን አካላቸውን መጠን ለይቶ የሚያውቅ መሣሪያ በመጠቀም ያጠኑ ሊቃውንት፣ ልጆቹን እስከ ታዳጊነታቸው ድረስ ተከታትለዋል። እንግዲህ ክብደት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ ክብደቱ ከምን እንደ ተሠራ መጠየቅ እንደሚገባ፣ ይህች ከተማ ቀድማ ያወቀችው ነገር ነው። እኛ የምንጨምረው ጥያቄ፣ ክብደቱን የተሸከመው ሰው እንዴት ይኖራል? የሚለው ነው።

የኑሮ ጥራት እንዴት ይለካል?

የዓለም የጤና ድርጅት በ1948 ሥራ የጀመረበት ደንብ፣ ጤና ማለት ከበሽታ ነጻ መሆን ብቻ ሳይሆን በሥጋ፣ በአእምሮና በማኅበራዊ ኑሮ ፍጹም ደኅና መሆን ነው ይላል። ይህን አሳብ ወደ መለኪያ ለማውረድ ድርጅቱ በ1990ዎቹ ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች ጥናት አካሂዶ አንድ መቶ ጥያቄዎች ያሉበትን መጠይቅ አዘጋጀ፤ በኋላም 26 ጥያቄዎች ብቻ ያሉበትን አጭር መጠይቅ አወጣ። በዚህ አሳብ መሠረት የኑሮ ጥራት ማለት፣ ሰው በሚኖርበት ባህልና ሥርዓት ውስጥ ሆኖ፣ ከራሱ ዓላማና ተስፋ አንጻር ኑሮውን ራሱ እንዴት እንደሚያየው ነው። ፈራጁ ሐኪሙ ሳይሆን ባለቤቱ ነው። አጭሩ መጠይቅ አራት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም አካል፣ መንፈስ፣ ከሰው ጋር ያለ ግንኙነትና አካባቢ ናቸው። በረጅሙ መጠይቅ ውስጥ ደግሞ ሰው ራሱን ችሎ መንቀሳቀሱና ሃይማኖታዊ ሕይወቱ ለየብቻቸው ይጠየቃሉ።

ይህ ሥራ በአማርኛም ተሞክሯል። አጭሩ መጠይቅ ወደ አማርኛ ተመልሶ በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በስኳር ሕመምተኞች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2019 ታትሟል። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ላለ ሰዎች የተዘጋጀው አጭር መጠይቅም በጅማ ተፈትኖ በ2016 ውጤቱ ወጥቷል። ለውፍረት ብቻ የተዘጋጀና በሌላው ዓለም ብዙ የተሠራበት 31 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅም አለ፤ እርሱም ስለ አካል እንቅስቃሴ፣ ራስን ስለ ማክበር፣ ስለ ባልና ሚስት ግንኙነት፣ በሰው ፊት ስለሚደርስ ችግርና ስለ ሥራ ይጠይቃል።

ከኑሮ ጥራት ጋር የተያያዙ ነገሮች

አንደኛው ሥቃይ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ውፍረት በበረታ መጠን ይበልጥ የሚጐዳው የአካል ክፍሉ መሆኑን ያሳያሉ፤ ከዚያም ውስጥ የጉልበት፣ የወገብና የእግር ሕመም ዋናውን ስፍራ ይይዛል። ምክንያቱን ማስረዳት አያስቸግርም። ሰው ሲራመድ በጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ነው። በ2005 በታተመ የአሜሪካ ጥናት እንደ ታየው፣ ከሰውነት ላይ የሚቀንስ እያንዳንዱ ኪሎ በአንድ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ሸክም ያወርዳል። በጅማና በአጋሮ ዳገትና ቁልቁለት፣ በክረምቱም ጭቃ ላይ፣ እኚያ ወይዘሮ ከቤታቸው እስከ ገበያ ስንት እርምጃ እንደሚራመዱ ማሰብ ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መራመድ ይተዋሉ፤ መራመድ ስለ ተዉም ይበልጥ ይወፍራሉ።

ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። በአንገትና በጉሮሮ ዙሪያ የሚከማቸው ስብ የትንፋሽን መንገድ ያጠብበዋል፤ ሰውዬው ተኝቶ ጡንቻው ሲላላ መንገዱ ይዘጋና ትንፋሹ ለጥቂት ጊዜ ይቆማል፤ ከዚያም በድንጋጤ ነቅቶ ይተነፍሳል። ይህ በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል፤ ባለቤቱ ግን ጧት ሲነሣ አያስታውሰውም። የሚያስታውሰው ድካሙን ብቻ ነው። ቤተ ሰቡ ማንኮራፋቱን እያነሣ ይስቅበታል፤ ቀን በሥራ ላይ ሲያንቀላፋም «ሰነፍ» ይባላል። እንዲህ ያለው ሰው የሚፈልገው ምክር ስለ ትጋት ሳይሆን ስለ ትንፋሹ ነው።

ሦስተኛው የመንፈስ ጭንቀት ነው። በድምሩ 58,745 ሰዎች የተካፈሉባቸውን 15 የክትትል ጥናቶች አንድ ላይ ያስተያየ በ2010 የታተመ ሥራ እንደሚያመለክተው፣ ወፍራም ሰዎች ወደ ፊት በመንፈስ ጭንቀት የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በ55 ከመቶ ያህል ከፍ ይላል፤ በመንፈስ ጭንቀት የተያዙትም ወደ ፊት የመወፈር ዕድላቸው በ58 ከመቶ ያህል ይጨምራል። መንገዱ ወዲህም ወዲያም የሚያስኬድ ነው ማለት ነው። ኪሎአቸው እኩል ከሆነ ሁለት ሰዎች መካከል የአንዱ ኑሮ ከሌላው እጅግ የከፋ ሆኖ ሲገኝ፣ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ሥቃይና ኀዘን አለባቸው ወይ የሚለው ነው።

አራተኛው የሰው ዓይንና የሰው አንደበት ነው። በመግቢያችን ያነሣነው ምስጋና ሁለት ፊት አለው። ውፍረቱ መካከለኛ ሲሆን «ሥጋ ለበሰች» ተብሎ ይመሰገናል፤ መጠኑን ሲያልፍ ግን ያው አፍ ወደ ስድብ ይዞራል። በአማርኛ «ዝፍዝፍ» ይባላል፤ በኦሮምኛም «ፉርዳ» የሚለው ተራ ቃል በድምፁ አነጋገር ወደ ማሾፊያ ይለወጣል። እኛም ከዚህ በደል ነጻ አይደለንም። በአዳሪነት በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ ወፍራም ጓደኛ ነበረን። ክፉ ሳናስብ የእህል ጐተራ ስም አወጣንለት፤ እርሱም አብሮን ይስቅ ነበር። ዳሩ ግን ቀስ በቀስ ከኳስ ሜዳ ቀረ፤ ኋላም ወደ ምግብ አዳራሽ የሚመጣው ሌላው ተማሪ በልቶ ከወጣ በኋላ ሆነ። ያን ጊዜ ምክንያቱን አልጠየቅነውም። ዛሬ ይህን ጥናት ስንጽፍ ምክንያቱ እኛ እንደ ነበርን ገባን። ሊቃውንቱም እንደሚሉት፣ ሰው የሚሰማውን ንቀት ተቀብሎ ራሱን መናቅ ሲጀምር ጉዳቱ ከሁሉ ይብሳል።

አምስተኛው አካባቢና ዕቃ ነው። በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም በቀላሉ ሊታረም የሚችለው ይህ ነውና። የብዙ ቤቶቻችን መጸዳጃ ቁጢጥ ተብሎ የሚጠቀሙበት ጉድጓድ ነው፤ ጉልበቱ ለታመመ ወፍራም ሰው ይህ የየዕለት ፈተና ነው። አንዳንዱ እንግድነት ከመሄድ የሚቀረውም ስለዚሁ ነው። በባጃጅ ለመሳፈር ቦታው ይጠባል፤ በሚኒባስ የሁለት ሰው ክፈል ይባላል። ለቅሶ ቤት የሚቀርበው ወንበር ይሰበር ይሆን እያሉ መፍራት አለ። የተሰፋ ልብስ በልክ አይገኝም። በጤና ጣቢያ የደም ግፊት ሲለካ፣ በክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ ለክንዱ ውፍረት ከጠበበ መሣሪያው ከእውነተኛው የበለጠ ቁጥር ያሳያል፤ ሰውዬውም የማያስፈልገውን መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። ሚዛኑ አነስተኛ ሆኖ ወይዘሮዋን የቡና ጆንያ በሚመዘንበት ባስኩላ ላይ በሰው ፊት ውጡ ብንላቸው፣ የሚያገኙት ኪሎ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛ ግን ወደ ጤና ጣቢያው አይመለሱም።

ስድስተኛው አምልኮ ነው። በጅማና በአጋሮ ከሚኖረው ሕዝብ መካከል ብዙ ሙስሊም አለ። በሶላት ጊዜ ማጐንበስ፣ ሱጁድ መውረድና መነሣት በቀን አምስት ጊዜ የሚፈጸም ነው። ለኦርቶዶክስ ምእመንም ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስና መስገድ አለ። ያልቻለ ሰው ተቀምጦ እንዲጸልይ በሁለቱም ዘንድ ይፈቀድለታል። ሆኖም ግንባሩን መሬት ማስነካት ያልቻለ ሰው የሚሰማው ጉድለት በኪሎ አይለካም። በረጅሙ መጠይቅ ውስጥ ሃይማኖት ለብቻው መጠየቁ ትክክል የሚሆነው እንደዚህ ላለ ስፍራ ነው።

በመጨረሻም ጾታና ገንዘብ አሉ። በውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶች ክብደታቸው እኩል ከሆነ ወንዶችና ሴቶች መካከል ሴቶቹ ኑሮአቸው ይበልጥ እንደ ተጐዳ መናገራቸውን ያሳያሉ። ገንዘብን በተመለከተ ደግሞ በቡና አገር አንድ ልዩ ነገር አለ። የቡናው ገንዘብ በብዛት የሚገባው በመኸሩ ወራት ነው። ለሕክምና፣ ለልዩ ምግብ ወይም ለጫማ የሚወጣው ገንዘብ በመኸር ቢገኝ በክረምት ይጠፋል፤ የሐኪም ክትትል ግን ዓመቱን ሙሉ የሚፈለግ ነው።

መያያዝና መንሥኤ

እስካሁን «የተያያዙ ነገሮች» እያልን የጻፍነው በከንቱ አይደለም። ብዙዎቹ ጥናቶች ሰውን በአንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀው የሚመለሱ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ጥናት ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸውን እንጂ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ አይነግርም። ኀዘን ውፍረትን አመጣ ወይስ ውፍረት ኀዘንን? የሚለውን ለመመለስ ሰዎቹን ለዓመታት መከታተል ያስፈልጋል። ሁለተኛም፣ ለሕክምና ወደ ሆስፒታል የሚመጡ ወፍራም ሰዎች ክብደታቸው እኩል ሆኖ ሕክምና ካልፈለጉት ይልቅ የከፋ ኑሮ እንዳላቸው ይናገራሉ። ስለዚህ በሆስፒታል ብቻ የጠየቀ ተማሪ በገበያና በቡና መጋዘን ስላለው ወፍራም ሁሉ ቢፈርድ ይሳሳታል።

ውፍረቱን «ሆዳምነት» ብሎ መዝጋትም እንዲሁ ስሕተት ነው። ዘር፣ እርግዝና፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ፣ በስኳርና በዘይት የበዛ ርካሽ ምግብ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው።

ስንት ኪሎ ይበቃል?

በስዊድን አገር በ1987 በተጀመረው ታላቅ ጥናት 4,047 ሰዎች ተካፍለዋል፤ ግማሹ ያህል ክብደትን ለመቀነስ በሆድ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ የቀሩት በተለመደው ሕክምና የቈዩ ነበሩ። በ2007 የታተመው የዐሥር ዓመት ውጤት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ኑሮ በመጀመሪያው ዓመት እጅግ እንደ ተሻሻለ፣ ክብደቱ በከፊል ሲመለስም መሻሻሉ ጥቂት እንደ ቀነሰ፣ ከስድስተኛው ዓመት ወዲህ ግን እንደ ጸና ያሳያል። ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ ከክብደት ላይ ከመቶ ዐሥር ያህል ቀንሶ ያንኑ መጠበቅ ኑሮን ለረጅም ጊዜ ለማሻሻል በቂ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ወደ ወይዘሮዋ እንመለስ። ከ105 ኪሎ ከመቶ ዐሥሩ 10 ኪሎ ተኩል ነው፤ አንድ ፈረሱላ እንኳ አይሞላም። ቢቀንሱ 94 ኪሎ ተኩል ይቀራቸዋል፤ የመለኪያ ቁጥራቸውም ወደ 37 ይወርዳል። በሠንጠረዡ መሠረት አሁንም ከውፍረት ክፍል አልወጡም፤ ሚዛኑን ብቻ የሚያይ ሰው «ምን ለውጥ አመጡ?» ሊል ይችላል። ጉልበታቸው ግን በእያንዳንዱ እርምጃ 42 ኪሎ ያህል ሸክም ወርዶለታል።

በአሜሪካ 5,145 የስኳር ሕመምተኞች የተካፈሉበት ሌላ ጥናት ደግሞ በ2001 ተጀመረ። በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ክብደት መቀነስ የልብ ሕመምንና በአንጎል ላይ የሚደርሰውን የደም አደጋ አላሳነሰም ተብሎ በ2012 ጣልቃ ገብነቱ እንዲቆም ተደረገ። በልብ በኩል እንዲህ ይሁን እንጂ፣ የተሳተፉት ሰዎች ይበልጥ መንቀሳቀስ ችለው፣ በእንቅልፍ ላይ ያለው የትንፋሽ መቆምም ቀሎላቸው፣ በመንፈስ ጭንቀት የሚያዙትም አንሰው ተገኝተዋል። ስለዚህ የኑሮን ጥራት ያልጠየቀ ሐኪም ይህን ጥቅም ሁሉ ሳያየው ይቀር ነበር። በቅርብ ዓመታት የወጡ፣ በመርፌ የሚሰጡና የምግብ ፍላጎትን የሚቀንሱ መድኃኒቶችም ክብደትን በጣም ያወርዳሉ፤ ዋጋቸው ግን እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ በአጋሮ ያለ ሰው እስኪደርሱት ድረስ ምን እናድርግለት የሚለው ጥያቄ አይቀርም።

የእኛ ድርሻ

መልሱ ከላይ ከዘረዘርነው ነገር ውስጥ ይወጣል። በጤና ጣቢያ ሰፋ ያለ የደም ግፊት መለኪያ ጨርቅ፣ እስከ 200 ኪሎ የሚመዝን ሚዛንና እጀታ የሌለው ጠንካራ ወንበር ማኖር ይቻላል። ሚዛኑን ከመጋረጃ በስተኋላ ማድረግ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። የአጥር አናጢ እንኳ መካከሉ የተበሳ የእንጨት ወንበር ሠርቶ በመጸዳጃው ጉድጓድ ላይ ሊያቆም ይችላል። የጉልበት ሕመም ክብደቱ እስኪቀንስ ሳይጠበቅ ይታከም፤ ስለ እንቅልፍና ስለ ኀዘን በግልጽ ይጠየቅ። እድሩ፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ወንበር ቢያዘጋጁ የቀረ ሰው ይመለሳል። የሐኪሙም የመጀመሪያ ቃል «ይህን ሁሉ ምን በልተው አመጡት?» መሆኑ ቀርቶ «የትኛው ነገር ይበልጥ አስቸገረዎ?» ቢሆን፣ ሕክምናው ከዚያው ጀምሯል።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ የቀረልን ሥራ አለ። በጅማ የሚማሩ ጓደኞቻችን እንደ ትምህርታቸው ሥርዓት ወደ ሕዝብ መካከል ይወጣሉ። በወጡ ጊዜ ከሚዛንና ከሜትር ጋር 26ቱን ጥያቄዎች ይያዙ፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛም ይጠይቁ፤ ለሆስፒታል ሕመምተኛ ብቻ ሳይሆን በገበያ ላለችው ነጋዴና በመጋዘን ተቀምጣ ቡና ለምትለቅመው ሠራተኛም ያቅርቡ። ከስድስት ወር በኋላም ተመልሰው ይጠይቁ። ሚዛኑ ከቦታው ባይነቃነቅም፣ አንዲት ወይዘሮ «ሌሊቱን ተኛሁ፤ ለቅሶ ቤትም ደርሼ መጣሁ» ካሉ፣ ይህ በመዝገብ ሊጻፍ የሚገባው ውጤት ነው።